አርባ ቀን ከሶሊያና ፀጉር ጋር

በእኛ ሰፈር ቅማል የለም። ማንንም ጠይቁ፣ የለም ይላችኋል። ቅማል ያለው ሁልጊዜ ከወንዙ ማዶ ነው። የወንዝ ማዶዎቹን ብትጠይቋቸው ደግሞ ወደ እኛ ይጠቁሟችኋል። እንዲህ ስንጠቋቆም ቅማሉ በመሐላችን ኑሮውን ይኖራል፤ ይወልዳል፣ ይከብዳል፣ ማንም ስሙን አያነሣበትም። እኔም እስከ ዘንድሮ ድረስ ከጠቋሚዎቹ አንዱ ነበርኩ።

ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው። ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ወረድ ብሎ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ የሚቆምባት ሱቅ አለችኝ። ዛሬ ዛሬ ሰው ሰዓት የሚያየው ከስልኩ ላይ ስለሆነ ሥራዬ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ሆኗል። በተረፈኝ ጊዜ አስባለሁ። የተረፈኝ ጊዜ ደግሞ ብዙ ነው። ግድግዳዬ ላይ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሰዓቶች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ሦስት ሰዓት ላይ ቆሟል፣ አንዱ ስምንት ከሩብ ላይ፣ አንዱ ከየት እንደተማረው እንጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። እነሱን እያየሁ በሐሳብ ጭልጥ ስል ደንበኛ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ሁለቴ ያስላል፣ ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። ሚስቴ አበባ "አንተ ቁጭ ብለህ የምትጠፋ ሰው ነህ" ትለኛለች። አልዋሸችም።

ይህችው አበባ፣ ደሴ ያለችው እህቷ ልትወልድ ስትል፣ አራስ ልትጠብቅ ተነሣች። ክርስትናው ሳይደርስ አልመለስም አለች። የወንድ ልጅ ክርስትና በአርባ ቀን፣ የሴት በሰማንያ ቀን ስለሆነ እኔ ወንድ እንዲሆን በሆዴ ተሳልኩ። ወንድ ሆነ። ለመድኃኔዓለም ጧፍ አስገባሁ፤ የሕፃኑ አባት ራሱ እንደኔ የተደሰተ አይመስለኝም።

አበባ ስትሄድ ስለ እኔ ምንም አላለችም። ስለ ቤቱም፣ ስለ ምግቡም አላለችም። እግሯን አውቶቡሱ ላይ ካነሣች በኋላ ዘወር ብላ "የሶሊን ፀጉር አደራ" አለችኝ። ያለችው ይህንኑ ብቻ ነው። ሶሊያና የስድስት ዓመት ልጃችን ናት። ሁለት ዓመቷ ላይ ክፉኛ ታማ ፀጉሯ ሙልጭ ብሎ ረግፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ አበባ ያንን ፀጉር በቅቤና በጸሎት አሳድጋ ወገቧ ጋ ልታደርሰው ትንሽ ነው የቀራት። ለሰው ፀጉር ነው። ለአበባ ግን የልጇ ጤና ማለት ነው፤ ጠዋት ስትጎነጉነው አንዳንዴ ዓይኗ እንባ ያቀራል።

የመጀመሪያው ሳምንት በሰላም አለፈ። ሶሊ ከትምህርት ቤት ስትለቀቅ ወደ ሱቄ ትመጣና ከጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጣ ሥዕል ትስላለች። እኔ አንድ ዓይኔ ላይ የምሰካትን ማጉያ ሰክቼ እሠራለሁ፣ ወይም የምሠራ እመስላለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሷን በእርሳሱ ጫፍ ስታክ ሰማኋት። አዎ፣ ይሰማል።

"ምነው ሶሊ?"

"ይበላኛል።"

ማጉያዬን ሳላወርድ ጎንበስ አልኩ። ይህቺ ማጉያ የትንኝን እግር የበግ እግር አሳክላ የምታሳይ ናት። ከፀጉሮቿ መሐል ዳልቻ የሆነ፣ ስድስት እግር ያለው ፍጡር ቀስ እያለ ይሄዳል። አልቸኮለም። ቤቱ ነዋ። የጠረጴዛው መብራት ሆዱን አልፎ ይታያል፤ ውስጡ አንዲት ጥቁር ነገር ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሰዓት ሠሪ ነኝና ሳላውቀው መቁጠር ጀመርኩ። ስንት እንደደረስኩ አላስታውስም፤ ሶሊ "አባዬ፣ ምንድን ነው?" ስትለኝ ማጉያዋ ከዓይኔ ወርዳ እጄ ላይ ወደቀች። የደነገጥኩት ያኔ ነው።

ሰው ሲደነግጥ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ መድኃኒትና ጥፋተኛ። እኔ ጥፋተኛውን ቀድሜ አገኘሁ። በተከራየንበት ግቢ በር ላይ ሱቅ ያላት ሙኒራ የምትባል ጎረቤት አለችን። ልጇ ኢክራም ከሶሊ ጋር እኩያ ናት፤ ሁለቱ አንድ ስልክ ላይ ወይም አንድ ደብተር ላይ ሲያጎነብሱ ራሳቸው ተጣብቆ ነው የሚውለው። ከኢክራም ነው ብዬ ቆረጥኩ። ምስክር አልጠራሁም፣ ይግባኝም አልፈቀድኩም። በዚያው ቀን ሶሊን ከኢክራም ጋር እንዳትጫወት ከለከልኳት።

በማግስቱ ሙኒራ ከሱቋ መስኮት ጠራችኝ። "የሶሊ አባት፣ ሶሊ ምነው ጠፋች? ኢክራም ከበሩ አልነቃነቅም አለችኝ።"

"ጉንፋን ይዟታል" አልኩ።

"አላህ ያሽርላችሁ" አለችና ዝንጅብልና ሎሚ በፌስታል ቋጥራ ሰጠችኝ። ሒሳብ አልቀበልም አለች። ዝንጅብሉን አፍልቼ እኔው ጠጣሁት።

አበባ ማታ ማታ በስልክ ልጇን በምስል ታያለች። ሶሊ ራሷን ስታክ እንዳታይብኝ የሱፍ ኮፍያዬን እስከ ቅንድቧ ደፋሁላት።

"ምነው ኮፍያ?" አለች አበባ።

"ብርድ ነው። የእንጦጦ ነፋስ ዘንድሮ ሌላ ነው።"

"ፀጉሯስ?"

"ከኮፍያው ሥር አለ።"

ጠዋት ኮፍያውን ከልጄ ራስ ላይ አንሥቼ እኔው አደረግሁት፤ እውነትም ብርድ ነበር። ልክ ከበሬ ስወጣ ኢክራም አሻንጉሊቷን አቅፋ በካፊያ ውስጥ ቆማለች። "ሶሊ ተሻላት?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። ጥፋተኛዬ ናት፣ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ፀጉሯም ረጥቧል። ኮፍያውን ከራሴ አውልቄ ደፋሁላትና "ብርድ እንዳይመታሽ፣ ያንቺ ይሁን" አልኳት። ቀኑን ሙሉ በራሴ ደግነት ሆዴ ባብቶ ዋለ። ከሠራኋቸው ጥፋቶች ሁሉ ትልቁ ይሄ እንደነበር ያወቅሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ መድኃኒቱ ዞርኩ። በእኔ ሙያ የቆሸሸ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ቤንዚን ነው። ያደፈ ማርሽ ቤንዚን ውስጥ ነክራችሁ ብታወጡት እንደ አዲስ ይሄዳል። እንግዲህ ሞኝነቴን ተመልከቱ። ሶሊን ደጃፋችን ላይ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ አጠገቧ ከሰል ላይ የመታጠቢያ ውኃ ጥጄ፣ ቤንዚኑን በስኒ ይዤ ከራሷ በላይ ቆምኩ። ቆሜም ማሰብ ጀመርኩ፤ ከግንባር ልጀምር ወይስ ከማጅራት እያልኩ። መጥፋቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው።

የግቢው ባለቤት እማማ ወርቄ ቧንቧው ጋ ነበሩ። "ምንድን ነው የሚሸተኝ?" አሉ። ከዚያ ምንም ሳይናገሩ መጥተው ስኒውን ከእጄ ወሰዱት፤ ከግቢው ውጭ ወጥተው ራቅ ያለ ቦታ ደፍተው ተመለሱ።

"ልጄ፣ ይህቺ ሕፃን ናት ሰዓት ናት?" አሉኝ።

"እማማ፣ እኔ..."

"ቆዳዋን ይልጠዋል። ትንፋሿን ያፍናታል። ከዚህ ከሰል አንዲት ፍንጣሪ ብትነካት ደግሞ ምን ብለህ ለእናቷ ትደውላለህ?"

ልጄን ከበርጩማው አንሥቼ እኔ ተቀመጥኩ፣ እሷን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ፣ ለረጅም ጊዜ አልተነሣሁም። እማማ ወርቄ የሶሊን ፀጉር በሁለት ጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩና ገባቸው።

"ለማንም እንዳይናገሩብኝ" አልኳቸው።

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም" አሉኝ። ሰማሁ። ሰምቼም ደበቅሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት አንድ የመጨረሻ ሞኝነት ሠራሁ፤ ተስፋ ቆርጬ ፀጉር ቤት ወሰድኳት። ቢላጭ ያልቃል ብዬ ነው። ፀጉር ቆራጩ ወንበሩ ላይ ጣውላ አጋድሞ አስቀመጣት፣ ነጠላ ጨርቅ አንገቷ ላይ አሰረላት። ሶሊ አላለቀሰችም። ፀጉሯን በሁለት እጇ ጨብጣ በመስተዋቱ ውስጥ አየችኝና "እማዬ ስትመጣ ታውቀኛለች?" አለችኝ። ይቅርታ ጠይቄ አወረድኳት። እስከ ቤት ድረስ ተሸክሜያት ነው የሄድኩት፤ ዳገቱንም አላየሁት።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ረጅሙ መንገድ ነበር። እማማ ወርቄ ከሻንጣቸው ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ አዲስ ማበጠሪያ አውጥተው ሰጡኝ። ፀጉሩን አርጥብ፣ በኮንዲሽነር አለስልስ፣ ከሥር እስከ ጫፍ ጥቂት ጥቂቱን እያነሣህ አበጥር፣ ማበጠሪያውን በየጊዜው ነጭ ጨርቅ ላይ ጥረግ። ሁለት ቀን አሳልፈህ ድገም። ሌላ ጥበብ የለውም አሉኝ።

ደረጃችን ፊቱ ወደ እንጦጦ ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ደረጃው ላይ ትመጣና ትተኛለች። እኔ ላይኛው ደረጃ ላይ፣ ሶሊ ከታች በጉልበቶቼ መሐል ተቀመጥን፤ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ፣ ወረንጦዬን ጎኔ አኖርኩ። ቅማሉ በማበጠሪያ ይወጣል። አስቸጋሪው ቅጫሙ ነው፤ ከፀጉሩ ሥር ተጣብቆ በግድ ነው የሚላቀቀው። አንዱን ፀጉር ከሌላው እየለየሁ፣ አንዱን ቅጫም ከሌላው እየለቀምኩ ስሄድ የሰፈሩ ድምፅ ሁሉ ቀስ እያለ ይርቃል። ከላይ ባሕር ዛፉ ይወዛወዛል። የሆነ ቤት ራዲዮ ይናገራል፣ ምን እንደሚል አይሰማም። ሱቄ ውስጥ ሆኜ በሐሳብ የምሄደውን ያን ሁሉ አገር አሁን ልጄ ራስ ላይ ሆኜ ሄድኩት፤ ልዩነቱ በዚህኛው ጉዞ ልጄም አብራኝ ነበረች።

የሰው ጭን ላይ ራስን ጥሎ መታየት እንዴት እንደሚያስተኛ ታውቃላችሁ። እናቴ እኔን እንዲህ ታየኝ ነበር። ያኔ ቅማል ይኑረኝ አይኑረኝ ማንም አልጠየቀም፤ "ና ራስህን ልይህ" ማለት በእናቴ ቋንቋ ና ልውደድህ ማለት ነበር። የጣቷ ጫፍ ከጆሮዬ ጀርባ ሲደርስ ዓይኔ ይከደናል። ሶሊም እዚያው ቦታ ላይ ስደርስ ዝም ትላለች፤ አንገቷ ይለሰልሳል፤ ጉንጯን ጉልበቴ ላይ ታሳርፋለች። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ ጥቁር ነጥብ አለች። ስድስት ዓመት አብሬያት ኖሬ አላየኋትም ነበር።

ካልተኛች ታወራለች። አስተማሪዋ ሲናደድ ጆሮው እንደሚቀላ፣ ኢክራም በፉጨት የመኪና ጡሩምባ እንደምታስመስል፣ እሷ ግን የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ማፏጨት እንዳቃታት ነገረችኝ። "አባዬ፣ የቆመ ሰዓት ጊዜው የት ይሄዳል?" ብላም ጠየቀችኝ። ሃያ ዓመት ሰዓት ስጠግን ይህንን ያሰብኩት እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አላውቅም አልኳት። "እኔም አላውቅም" አለችና ተኛች።

እንዲህ እንዲህ እያልን ጨርቁ ላይ ምንም የማይወርድበት ቀን መጣ። ድል አደረግሁ ብዬ ሱቄ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ደንበኛ ሰዓቱን ሲያቀብለኝ አይቶኝ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ። ለካ በወረንጦው ራሴን እያከክሁ ነው። ማጉያና መስተዋት ይዤ አየሁ። ያ የማውቀው፣ የማይቸኩለው ፍጡር የእኔ ጆሮ ጀርባ ይንሸራሸራል። ማታ ሶሊን ሳያት እሷም ላይ እንደገና አለ። ከልጄ ራስ ወደ ራሴ ያዛወርኩት ኮፍያ ትዝ አለኝ። ኢክራም ላይ የደፋሁትም ያንኑ ነው።

መድኃኒት ቤት መሄድ የግድ ሆነ። ሰፈራችን ያለውን ፋርማሲ አልሞከርኩትም፤ የሻጩን ሰዓት የጠገንኩት እኔ ነኝ፣ ስሜን ከነአባቴ ያውቃል። ማንም በማያውቀኝ ቦታ ብዬ ታክሲ ይዤ አዲሱ ገበያ ወጣሁ። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ ፋርማሲ መርጬ፣ ግራ ቀኝ አይቼ ዘው አልኩ።

ሙኒራ ቆማለች።

ከሱቋ ውጭ አይቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ የሷ ዘመድ ትሆን እንዴ አልኩ። እሷም እንደዚያው ሳታስብ አልቀረችም።

"ሰላም ነው፣ የሶሊ አባት? በደህና?"

"ሳል ሆኖብኝ ነው" አልኩና ለማስረጃ ሳልኩ። "አንቺስ?"

"ለኢክራም ነው። እሷም ጉንፋን ይዟታል። ይኸው ሁለት ሳምንቷ፤ ለዚህ ነው ወደ እናንተ የማልልካት።"

ሁለታችንም ራሳችንን አከክን። ሁለታችንም እንዳላየን ሆንን። በዚህ መሐል መድኃኒት ሻጯ፣ ነጭ ካፖርት የለበሰች ወጣት፣ ከጓዳ ጠርሙስ ይዛ ወጣችና አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ድረስ በሚሰማ ድምፅ "የቅማሉ መድኃኒት የማን ነው?" አለች።

ከኋላዬ የቆሙት ሰውዬ ሳይቀሩ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። ጠርሙሱ ባንኮኒው ላይ ብቻውን ቆመ።

ሙኒራ አንገቷን ደፋች፤ ጆሮዋ እሳት መስሏል። ያኔ የዝንጅብሉ ፌስታል ፊቴ ድቅን አለ። "የእኔ ነው" አልኩ። "ለእሷም አንድ ጨምሪላት። ለእሷም የሰጠኋት እኔ ነኝ።"

ሙኒራ ቀና አለች። "እንዴት ነው አንተ የምትሰጠኝ?"

"ኢክራም የኔን ኮፍያ ይዛ አልመጣችም?"

"እየተኛችበትም እኮ ነው" አለች በቀስታ።

"ከኢክራም ነው ብዬ ሶሊን ከለከልኳት። ጉንፋን ይዟታል ያልኩሽ ውሸት ነው። ቆይቶ ደግሞ ቅማሉን በኮፍያ አድርጌ በገዛ እጄ ደፋሁላት። ይቅር በይኝ።"

የሙኒራ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፣ ስታየኝ ሳቋ አመለጣት። "እኔስ" አለች፣ "ከሶሊ ነው ብዬ ኢክራምን ቆልፌባት ሰነበትኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሬን ዘግቼ ሳበጥራት 'ሱቁ ለምን ተዘጋ' ሲሉኝ ቆጠራ ላይ ነኝ እላለሁ።"

መድኃኒት ሻጯ ክርኗን ባንኮኒው ላይ አስደግፋ ሰማችን። "ስማ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ" አለች። "እናንተ አንዱ ቤት ሲያጸዳ ሌላው ቤት እየቆየላችሁ ነው። ቅማል አይዘልም፣ አይበርም፣ ራስ ከራስ ሲነካ ነው የሚሻገረው። ንጹሕ ቆሻሻ ብሎም አይመርጥም። ሁላችሁም በአንድ ቀን ተያዩ፤ ያለበት ሁሉ በዚያው ቀን ይቀባ። ጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ሰዓት አታሳልፉ። ቅጫሙን ላይገድለው ስለሚችል በዘጠነኛው ቀን ይደገም። በመሐሉ ማበጠር አይቀርም። አንሶላና ሻሽ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ማበጠሪያ፣ ሻሽ፣ ኮፍያ መዋዋስ የለም።" ኮፍያ ስትል እኔን አየችኝ።

እሑድ ግቢያችን በሩን አልዘጋም። እማማ ወርቄ "እኔም ይታየኝ፣ ማን ያውቃል" ብለው ሻሻቸውን ፈቱ። ከኋላ ቤት የተከራዩት ባልና ሚስት መጀመሪያ ለማየት ብቻ ወጡ፤ ትንሽ ቆይተው እነሱም እያከኩ ወረፋ ያዙ። ገመዱ ላይ አንሶላ ተሰቅሎ ነፋሱ ሲነፋው ግቢው በሙሉ ቀስ ብሎ የሚሄድ ይመስላል። ሙኒራ ኢክራምን፣ እኔ ሶሊን፣ ጎን ለጎን ደረጃው ላይ አስቀምጠን ስናበጥር ሁለቱ ልጆች እጅ ለእጅ ተያያዙ። ራሳቸውን እንዳያገናኙ ስለተነገራቸው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነው የተቀመጡት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ እኛ ስድስት እግር ያለውን ነው ያሰርነው፣ ግን አንበሳም እንደዚያ አያስቸግርም። ፀሐይዋ እስክትሄድ ማንም ከደረጃው አልተነሣም።

በዘጠነኛው ቀን ደገምነው። ከዚያ ወዲያ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔም አደራዬን ጠበቅሁ ብዬ ወደ ሱቄ፣ ወደ ቆሙት ሰዓቶቼ ተመለስኩ። ሶሊ ከትምህርት ቤት ትመጣና ከጠረጴዛው ሥር ትቀመጣለች። ማጉያዬን ዓይኔ ላይ እሰካለሁ። አንዴ እግሬን ነካ አድርጋ ምን እንዳለችኝ አልሰማሁም።

አበባ የምትመለስበት ቀን ደረሰ። ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቤት ስገባ ከውኃ ታንከሩ ኋላ የሁለቱን ልጆች ሹክሹክታ ሰማሁ።

"አንድ ብቻ አበድሪኝ" ትላለች ሶሊ።

"የለኝም። እማዬ ጨረሰቻቸው።"

"አንዲት ትንሽዬ። ቅጫምም ትሁን።"

"ባገኝ እኔስ አልፈልግም? እማዬ አሁን ሱቅ ብቻ ነው የምትውለው።"

"አባዬም እኮ ሰዓት ብቻ ነው የሚያየው" አለች ልጄ።

ቆሜ ቀረሁ። ብዙ ጊዜ ቆሜ ቀርቻለሁ፤ የዛሬው ግን የት እንደሄድኩ አውቃለሁ። ይህን ሁሉ ቀን እኔ የማስወግደውን ነገር ልጄ ስትሳሳለት ነበር። ገብቼ ማበጠሪያውንና ነጩን ጨርቅ አመጣሁ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ሶሊ፣ ነይ እስቲ ልይሽ።"

ከታንከሩ ኋላ ብቅ አለች። "ንጹሕ ነው ብለሃል እኮ።"

"ቢሆንም ልይሽ። ነገም አይሻለሁ። ኢክራም፣ አንቺም የራስሽን ማበጠሪያ አምጪና እናትሽን ጥሪያት፤ ቆጠራው ይቆይ በያት።"

ኢክራም እየሮጠች ሄደች። ሶሊ መጥታ በጉልበቶቼ መሐል ገባች፣ ጉንጯን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች። ፀጉሩን ፈታሁት። ምንም ሳልፈልግ ፈለግሁ።

አበባ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትገባ እንዲህ ሆነን አገኘችን። መጀመሪያ ያየችው ፀጉሩን ነው፤ ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ለካችውና ተነፈሰች። ቀጥሎ ማበጠሪያውን አየች።

"ቅማል አላት እንዴ?"

"የላትም።"

"ታዲያ ምን ትፈልጋለህ?"

ምንም ሳልደብቅ ነገርኳት፤ ቤንዚኑን ስነግራት ፊቷ ተለወጠ፣ ፀጉር ቤቱን ስነግራት ልጇን ከጉልበቴ ነጥቃ አቀፈቻት፣ ኮፍያውን ስነግራት ግን አልቻለችም፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ከዚያ ሻሿን ፈታችና ጀርባዋን ሰጠችኝ።

"አርባ ቀን ሙሉ ከእህቴ አራት ልጆች ጋር አንድ አልጋ ላይ ነው የተኛሁት" አለች። "ሲበላኝ ቅቤው ነው እያልኩ ነበር። እስቲ እኔንም እየኝ።"

ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰካሁ። ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከፀጉሯ ሥር፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። አልቸኮለም።

ሶሊ ፊቴን ስታነብ ቆይታ "አገኘህ?" አለችኝ።

"አገኘሁ" አልኩ።

ልጄ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ወደ ጆሮዋም ጠጋ ብላ "እማዬ፣ ታድለሽ" አለቻት።